የውሎ ገብ ሥር ይዤ ወደ ኮምቦልቻ

ይህን የምጽፈው ጣርማ በርን ተሻግረው ለማያውቁ ለደብረ ብርሃን ወገኖቼ ነው። ለምን አልተሻገራችሁም ብዬ አልፈርድባችሁም፤ ብርድ የለመደ ሰው ቆላ ሲወርድ ልቡ ይቀልጣል። የእኔ ልብ ድሮም የቀለጠች ስለሆነች ሄድኩ። ያየሁት ጥቂት ነው፣ ያበላሸሁት ብዙ። ሁለቱንም እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለመንግሥት ሥራ የተላክሁ ትልቅ ሰው እመስላችኋለሁ። ጉዳዬ አበባ ነው። ቅጠሏ እንደ ጓሳ ረዘም ያለ፣ ከመሐል አገዳ የምታወጣ አበባ አለች። እንቡጡ ጠዋት ይፈነዳል፣ ማታ ይከስማል፤ በማግሥቱ ሌላው እንቡጥ ተራውን ይይዛል። ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ፈረንጅ ግቢ የተረፈች ናት። እኛ «ውሎ ገብ» እንላታለን። እኛ ስል ደግሞ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዱሮ አንድ እልፍኝ እንሞላ ነበር፤ አሁን አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃናል።

ሥራችን የአንዷን አበባ ዱቄት ፀሐይ ሳይበረታ በሌላዋ ላይ እየነካን አዲስ መልክ መፈለግ ነው። የነካናትን አበባ እንዳትጠፋን በክር እናስራታለን። ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ የክሩ ሹም እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ ያገኘሁት ሹመትም እሱ ብቻ ነው። ከዘሩ እስከ አበባው ሁለት ሦስት ክረምት ይፈጃል። በእኔ ዕድሜ ይህን መጠበቅ ድፍረት ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ የምንገናኘው ጥር ላይ፣ አንድም አበባ በሌለበት ወቅት ነው። ሥር የሚከፈለው በበጋ ነውና። እንግዲህ አስቡት፤ ሽማግሎች ክብ ሠርተው፣ የደረቀ ሥር መሐል ላይ አስቀምጠው፣ «ይሄ ቀይ ነው፤ ጉሮሮው ግን ቢጫ» ሲባባሉ። እብድ ቢያየን ይታዘበናል።

አንድ ሕግ አለን። አዲስ የተገኘ አበባ ስም የሚወጣለት በዚያ ስብሰባ ነው፤ ስሙም የሞተ ሰው ስም መሆን አለበት። ሕጉ የመጣው ከፍርሃት ነው። አንዱ ጓደኛችን ጊዜ ባነሣው ሹም ስም አበባውን ሰየመ። ክረምቱ ሳይወጣ ሹሙ ታሰረ፤ ጓደኛችንም አበባውን ነቅሎ ጉድጓድ ከተተው። ከዚያ በኋላ «የሞተ አይሻርም» ተባባልንና በሕይወት ያለ ሰው ስም ተከለከለ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ጉዴ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

መነሻው

ከአውራጃ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄጄ «የአበባ ሥር ላደርስ ነው» ስለው ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አገር በጦርነትና በድርቅ ተይዞ እኔ አበባ ብዬ ልጻፍ? ሁለታችንንም ያሳስሩናል። ለቅሶ ልበለው?»

«በለው» አልኩት።

ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀኝም። በዚያ ጊዜ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ልጄ አስካለ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሥሮቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ። «አባዬ፣ ሰው ለእህል ይሰለፋል፣ አንተ በአበባ ትንከራተታለህ» አለችኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም። ይህ የሽማግሌ መብት ነው።

በእኛ አገር የጥር ጠዋት በባልዲ ያደረ ውሃ ብርጭቆ ይሆናል። ጋቢ በካፖርት ላይ፣ ካፖርት በሹራብ ላይ ደርቤ ነበር የተሳፈርኩት። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ገብተን ስንወጣ ቆላው ከታች አፉን ከፍቶ ጠበቀን። ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን፣ ሮቢት ላይ ካፖርቱን አወለቅሁ። አጣዬ ስንደርስ የቀረኝን ባወልቅ የሚያስወርዱኝ ስለመሰለኝ ተውኩት። ሮቢት ለምሳ ስንወርድ አንዲት ሴት ፓፓያ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ፍሬውን እንደ ደብረ ብርሃን ሰው በጥርጣሬ አሸተትኩትና ዋጥኩት። እኛ ዘንድ የሚበስለው ገብስና ሰው ብቻ ነው፤ ሰውም ዘግይቶ።

ከዚያ ወዲያ ሾፌራችን ደጋግሞ ዳር ይይዝ ጀመር። ወደ ሰሜን የሚሄዱ ካሚዮኖች ሲያልፉ መንገድ ይለቀቃል። የተጫኑት ልጆች ናቸው። አንዱ ከካሚዮኑ ላይ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩለት። አገጩ ላይ አንድ ጢም አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ስለ እነሱ አልተናገረም፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ግን ብዙ ተወራ።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ጆንያዬን ፈታው።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥር ነው።»

«መድኃኒት ነው?»

«የአበባ።»

ወረቀቴን አነበበና ፊቱ ለስለስ አለ። «ለለቅሶ አበባ? የሠለጠኑ ሽማግሌ ነዎት» ብሎ ራሱ መልሶ አሰረልኝ። አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

መውረድ የነበረብኝ ኮምቦልቻ ነው። ስብሰባችን እዚያ፣ በወዳጄ በሰይድ ቤት ነበር። እኔ ግን ፓፓያው ነው መሰል ከሚሴን ሳላልፍ እንቅልፍ ወሰደኝ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ የአውቶቡሱን ጎን ሲደበድብ ነቃሁ። ኮምቦልቻ አፌን ከፍቼ አንኮራፍቼ ያለፍኳት ከተማ ሆነች። ያን ዕለት ነቅቼ ብወርድ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ አይሆንም ነበር።

የደሴ ብርድ የእኛ ብርድ ዘመድ ነው፤ ግን ድኻ ዘመድ፣ ሹራቡን ብቻ ለብሶ የመጣ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ጆንያዬን ተሸክሜ ቧንቧ ውሃ የሚባለውን ሰፈር ዳገት ወጣሁ። እዚያ ከእኛ ወገን የሆነች አልማዝ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ቤቷ በር ላይ ክርና አዝራር ትሸጣለች።

«ማነው?»

«ደምሴ ነኝ።»

«የቱ ደምሴ?»

«ኮምቦልቻ መውረድ የነበረበት።»

«ተኝተው አለፉ!» ብላ እየሳቀች ከፈተች። ጫማዬን አውልቃ፣ ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ምስር ወጥ አቀረበች። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳልውጥ ሳቋ ጠፋ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሰይድ በሾፌር ልኮብኝ ነበር። ዘንድሮ የሚሰየም አበባ አለኝ ብሏል።»

«እሰይ! ማን ሊለው ነው?»

«እንድሪስ።»

እንድሪስ የሰይድ አንድ ልጁ ነው። ሰይድ በቦርከና ዳር የሎሚና የብርቱካን ችግኝ እያፈላ የሚኖር ሰው ነው፤ ልጁ ከጎኑ ተለይቶት አያውቅም ነበር። ካቻምና ክረምት ለጦር በአፈሳ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ሕጋችንን አስታውሱ። እኔና አልማዝ ተያየን፤ ሰይድ መርዶ ደርሶታል ማለት ነው። ምስሩ በረደ። እሷ መደቡ ላይ ተኝታ አልጋዋን ለእኔ ለቀቀች፤ አልጋውም ሆነ መደቡ እንቅልፍ አልሰጠም።

ወደ ታች

ጠዋት አልማዝ ጥቁር ልብሷን ለበሰች። ከቀበሌ የደረሳትን ስኳር፣ ለራሷ ያላስተረፈችውን፣ በፌስታል ቋጠረች። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም» አለች። መናኸሪያው ላይ ሌላው ጓደኛችን መሪጌታ ላቀው ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ደረሱ፤ አንዲት ሥር በመሐረብ ጠቅልለው በደስታ ይመጣሉ። ነገርናቸው። ቆባቸውን አወለቁና «ነፍሱን ይማር» አሉ። ከዚያማ ወሬው ካህን ያጸደቀው ሆነ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተንከባለልን ወረድን። ብርዱ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብሱን እየጣለ ይቀራል። መሪጌታ መስኮቱን ይዘው ዳዊት ይደግማሉ፤ ለሟቹ ይሁን ለመታጠፊያው አልጠየቅሁም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ወረደብን። የሰይድ ግቢ በር ክፍት ነበር። ሚስቱ ዘይነባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትነፋለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«አያ ደምሴ! መጡ እንዴ! ትናንት ስንጠብቅዎ…»

አላስጨረስኳትም። ደብረ ብርሃን ላይ የለቅሶ አወጣጥ አዋቂ እባላለሁ፤ ያን የተረገመ ችሎታዬን እዚያ አወጣሁት። «ወየው ልጄን! ወየው እንድሪስን!» ብዬ ደረቴን መታሁ። አልማዝ ከኋላዬ ተቀበለች። መሪጌታ መስቀላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ማሽላው ተበተነ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ነገረዎት?» አለች ዝግ ብላ።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ…»

«ማን ነገረዎት? ማን አየው?»

ሰይድ ከጓሮ እጁ ጭቃ እንደሆነ መጣ። ዞረችበት። «ሰይድ፣ ልጄ ሞቷል?»

«ወላሂ አልሰማሁም! ምንም አልሰማሁም!»

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከየት ሰሙ?»

ሰይድ እኔን አየኝ። እኔ ጆንያዬን አየሁ። መሪጌታ ሰማዩን አዩ።

«ከአበባው» አልኩ።

ብዙ ሞኝ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ተናግሬ አላውቅም። ለአንዲት እናት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያልመጣ መርዶ አረዳሁ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ከአውቶቡስ እንቅልፍ ነቅቼ ነገርኳት።

ገብተን ተቀመጥን። ዘይነባ አልተቀመጠችም። ሰይድ የእርዳታ ዘይት በነበረበት ቆርቆሮ የተተከለ ሥር አምጥቶ መሐላችን አስቀመጠ። ይህ ሥር የእኔም ዘመድ ነው። ከዓመታት በፊት የእኔን ቢጫ ውሎ ገብ ዱቄት በሲጋራ ብርማ ወረቀት አጥፌ በሾፌር ልኬለት፣ እሱ ከቀዩ ጋር አጋብቶት ነው የበቀለው። በአበባ አማቾች ነን።

«የዚያን ጠዋት ነው የፈነዳው» አለ ሰይድ። «የመጀመሪያው ነበር። እንድሪስ ነው ያየው፤ ‹አባ ና! ና!› ብሎ ጠራኝ። አብረን አየነው። ከዚያ ለኔ ሚስማር ሊገዛ ገበያ ወጣ። አፈሳ ነበር። ማታ አበባው ሲከስም ልጄ አልገባም።»

ሰይድ የቆርቆሮውን አፈር በጣቱ ጠቅጠቅ አደረገ።

«ባለፈው ክረምት እንቡጥ ሲያወጣ ሳይፈነዳ ቀጠፍኩት። ማየት አቃተኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መርዶ የለ፣ ወሬ የለ። ከሚያለቅሱት ጋር አልቀመጥ፣ ከሚጠብቁት ጋር አልቀመጥ። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸው ሲሞቱ ሰደቃ አወጡ፣ ዱዓ አስደረጉ፣ ሰው ስማቸውን እየጠራ አለቀሰ። የእኔን ልጅ ስም ከአፉ የሚያወጣ ሰው የለም። ፈርተው ይዘሉታል። አንድ ቦታ ስሙ ይጠራ ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለኝም።»

«እና በቁሙ ቀበርከው!» አለች ዘይነባ። «እኔ ማታ ማታ ድርሻውን ከድኜ አስቀምጣለሁ። አንተ ከመሬት ውስጥ ስም ትቆፍርለታለህ! ሕጋቸውን እያወቅህ!»

«ሕጉን አውቃለሁ።»

«ሞቷል ብለህ ነዋ!»

ሰይድ ጭንቅላቱን ያዘ። «አላውቅም፣ ዘይነባ። አላውቅም እኮ ነው የምልሽ።»

ቆርቆሮውን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው። «ይሄ ከግቢዬ ይውጣ። ልጄ በሚመጣበት ቤት የሙት ስም የሚጠብቅ ነገር አይበቅልም። ወስዳችሁ ቦርከና ጣሉት።»

ሰይድ አልተከራከራትም። ግን እጁ በራሱ ሄዶ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያዘ። ልጁ ካየው ነገር የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ቢጣል ሰይድ ይሰበራል፤ በእንድሪስ ስም ቢሰየም ዘይነባ ትሰበራለች። ያለ ስም ይቅር ብንል ደግሞ እሷ ሁልጊዜ የልጇን ስም ትሰማበታለች። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ፣ መሐል ላይ እንደ ቅል ተቀምጫለሁ።

«በእኔ ስም ይሰየም» አልኩ።

አልማዝ ገላመጠችኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ቀልድ ነው?»

«ቀልድ አይደለም። ደምሴ ይባል። አባቱ የእኔ ቢጫ ነው፤ ዘመድ አልባ አልሆነም።»

«እርስዎ በሕይወት አሉ» አሉ መሪጌታ። «ሕጉ…»

«ይሄን ሕይወት ይሉታል? ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ደግሞ ከኀፍረት ሞቻለሁ፤ ሁላችሁም አይታችኋል።»

«ሳይሞቱ መሞት የለም፣ አቶ ደምሴ።»

«አለ እንጂ መሪጌታ! መነኩሴ ሲመነኩስ ምን ይደረግለታል?»

ከንፈራቸው ሳይወዱ ተንቀሳቀሰ። «ግንዘት ይነበብለታል» አሉ። «እንደ ሞተ ይቆጠራል።»

«ከዚያ ምሳውን አይበላም?»

«ይበላል።»

«እኔም እንደዚያ ነኝ።»

ሁላችንም ዘይነባን አየን። ቆርቆሮውን ስታይ ቆየች፣ ከዚያ እኔን። ያችን ዓይን አልረሳትም፤ ቁጣም ነበረባት፣ እንደ ሳቅ ያለ ነገርም ከሥር ነበረባት።

«አንቱ ሰው» አለች። «ልጄን በአፍዎ ገደሉት። እንግዲህ በእሱ ፈንታ ሙቱ።»

«እሺ እህቴ።»

«እሱ የመጣ ዕለት ስምዎን ያነሣሉ። ራሱ መርጦ ያወጣለታል። እስከዚያ ዝም ብለው ሞተው ይጠብቁ።»

«ሞቼ እጠብቃለሁ።»

ወጥታ የተበተነውን ማሽላ መልቀም ጀመረች። አልማዝ ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ አብራት ተንበረከከች። ለለቅሶ ያመጣነውን ስኳር ዘይነባ ለሻያችን ጨመረችው፤ «ለቅሶ የለም፣ ሻይ ነው» አለች። ለሁላችንም እንዲሆን ሽሮ በማሽላ እንጀራ አቀረበች፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ሥጋ እንዳይቸግረን ብላ ያሰበችው ከእኛ መምጣት በፊት ነበር። ያን ያህል ካስደነገጥኳት በኋላ «አያ ደምሴ፣ አልበሉም እኮ፤ ሙት ነኝ ብለው ነው?» አለችኝ። ጎረስኩ። እንዴት እንደወረደልኝ እኔ አውቃለሁ።

ሰይድ ለቀበሌው «የዱዓ ስብስብ ነው» ብሎ ነበር ያስፈቀደው፤ ስለ አበባ ማን ያስፈቅዳል? ያ ውሸትም እውነት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሰይድ እጁን ዘረጋ፣ ዱዓ አደረገ፤ መሪጌታ ቆመው አባታችን ሆይ ደገሙ። የእንድሪስን ስም ጠሩት፣ ጮክ ብለው፣ ደጋግመው፣ በሰላም እንዲመለስ። ሰይድ በየጥሪው «አሚን» ይላል። ያን ስም ከሰው አፍ ሲሰማ ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ልገልጸው አልችልም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ባለቅኔ አይደለሁም።

መመለሻው

ማግሥቱን ያመጣነውን ሥር ተለዋውጠን የሰይድን ለሁለት ከፈልነው። ሰይድ ግማሹን በጓሮው ተከለው፤ ዘይነባ በመስኮት እያየች አልከለከለችውም። ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። አልማዝና መሪጌታ ወደ ደሴ ሲመለሱ ሰይድ እኔን መኪና ላይ አደረሰኝ። ዘይነባ ሎሚና የማሽላ ቆሎ በቋጠሮ ልካልኛለች።

«አያ ደምሴ» አለኝ ሰይድ፣ መስኮቱን ይዞ። «ቶሎ እንዲነሡ ዱዓ አደርጋለሁ።»

«አብሽር» አልኩት፤ አይዞህ ማለት ነው፣ ከእነሱ የለመድኩት ቃል።

ኬላው ላይ ያ ወታደር ነበር። አስታወሰኝ። «አባት፣ ለቅሶው እንዴት ነበር? ዘመድ ነው የሞተብዎ?»

«በጣም የቅርብ» አልኩት።

«እግዜር ያጽናዎ።» አሁንም ጆንያዬን አስሮ ሰጠኝ። አስቡት፤ ቀበሌው «ለቅሶ» ብሎ የጻፈልኝ ውሸት ስመለስ እውነት ሆኖ ነበር፤ ሟቹ ብቻ በእግሩ ይሄዳል።

ጣርማ በር ላይ ካፖርቴን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢዬን ለበስኩ። ብርዱ አወቀኝ።

ሥሩን ከነፋስ በኩል ግድግዳ ባለበት ተከልኩት፤ በረዶ ሲወርድ በአሮጌ ሱሪዬ እሸፍነዋለሁ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት አስካለ «አባዬ፣ ያንተ አበባ!» ብላ ጠራችኝ። ጥቁር ቀይ ነው፤ እንደ ደረቀ ወይን፣ ጉሮሮው የእኔ ቢጫ። ሰይድና እንድሪስ ካዩት በኋላ ያየነው እኔና እሷ ነን። ስሜን ይዞ እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም፤ እኔን የማያውቅ ሰው ቢያይ ይሳሳታል። ቀኑን ሙሉ በርጩማ አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማታ ከሰመ። በማግሥቱ ሌላው ፈነዳ።

ከዚያ ወዲህ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ እዚህ ለምሳ ሲቆም እሄዳለሁ። ሾፌሮቹ አውቀውኛል። «ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬም ከኮምቦልቻ የተላከልዎ የለም» ይሉኛል ሳልጠይቃቸው። ምን እንደምጠብቅ አያውቁም፤ አንዱ ሲጠይቀኝ «ሞትህ ቀርቷል፣ ተነሥ የሚል ወሬ» አልኩት። ሽማግሌው ጃጀ ብሎ ሻይ ጋበዘኝ።

ሻዩን ጠጣሁ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ግን ተነሥ ያለኝ የለም።